እንቁራሪትና ማርካንቲያ፦ የቦይ ውሃችንን የሚናገሩ ሁለት ጎረቤቶች

ለሸዋ ሮቢት፣ ለቀወትና ለይፋት ቆላማ ቀበሌዎች የመስኖ ተጠቃሚ አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

1. መግቢያ



በሮቢም ሆነ በጀውሃ ወንዝ ዙሪያ መስኖ የምትጠቀሙ ሁሉ እንደምታውቁት፣ የቆላው ይፋት ኑሮ በቦይ ውሃ ላይ የቆመ ነው። ሽንኩርቱም ቲማቲሙም፣ የማንጎና የፓፓያ ችግኙም የሚጠጣው ከዚያው ነው። ከብቱም ከዚያው ይጠጣል፤ ልጆችም እዚያው ገላቸውን ይታጠባሉ።

ውሃ ሲያንስ ሁላችንም ወዲያው እናውቃለን። የውሃ አባቱ ተራ ያጠብቃል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይነጋገራል። ውሃ በፀረ ተባይ ኬሚካል ሲበከል ግን ብዙ ጊዜ መልኩ አይለወጥም፤ ሽታም ላይኖረው ይችላል። ውሃን በላቦራቶሪ ማስመርመር ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል።

ሆኖም በቦዩ ዳር ከእኛ ቀድመው የሚሰማቸው ሁለት ጎረቤቶች አሉ። አንደኛዋ እንቁራሪት ናት። ሁለተኛው በጥላ ሥር ባለ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚበቅል ማርካንቲያ የሚባል ትንሽ ዕፅ ነው። አንዷ እንስሳ፣ አንዱ ዕፅ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ውሃን የሚቀበሉት በገላቸው ነው። በዚህ ትምህርት ሁለቱን እያነጻጸርን ስለ ውሃችን ምን እንደሚነግሩን እናያለን።

2. የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፦
- የቆላዋን እንቁራሪትና ማርካንቲያን በዓይን መለየት፣
- የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን ማስረዳት፣
- ሁለቱን አብሮ በማየት ስለ ቦያችሁና ስለ ችግኝ ጣቢያችሁ መጠየቅ ያለባችሁን ጥያቄ ማውጣት፣
- የመርጫ ዕቃ አጠባባችሁን ማስተካከል ትችላላችሁ።

3. እንቁራሪቷን እንወቅ

በኢትዮጵያ ከ60 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከአገራችን ውጭ በየትም አይገኙም። ፕቲካዴና የሚባለው ወገን በደጋውም በቆላውም ዝርያዎች አሉት። ለዚህ ትምህርት የመረጥነው በቆላማ አካባቢ የሚኖረውን ፕቲካዴና አንቺኤታ የተባለውን ዝርያ ነው። ይህ ዝርያ ከእኛ አገር ጀምሮ እስከ ደቡባዊ አፍሪካ ድረስ ይገኛል።

መለያዎቹ እነዚህ ናቸው። አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለ ነው። ጀርባዋ ላይ ከራስ ወደ ኋላ የሚወርዱ ቀጫጭን የቆዳ መስመሮች አሉ። የኋላ እግሮቿ ከሰውነቷ አንጻር በጣም ረጃጅም ናቸው፤ ስለዚህ ስትነካ አንድ ጊዜ ብቻ ዘላ ከዓይን ትሰወራለች። ቆዳው ሻካራ የሆነውና አጭር አጭር የሚዘለው ጉርጥ ሌላ ነው።

የዚህች እንቁራሪት ዋና ምግብ ነፍሳት ናቸው። ዝናብ ሲጥል ወንዶቹ በኩሬ ዳር ይጮኻሉ፤ ሴቶቹም ጥልቀት በሌለው፣ ብዙም በማይንቀሳቀስ ውሃ ውስጥ ይጥላሉ። እንቁላሉ ቅርፊት የለውም። የሚፈለፈሉት ጭራ ያላቸው ልጆች በውሃ ውስጥ ይዋኛሉ፤ በኋላ እግር አውጥተው፣ ጭራቸው ጠፍቶ ወደ የብስ ይወጣሉ። ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ለሳምንታት ከዚያች ትንሽ ውሃ መውጫ የላቸውም። ውሃው ከደረቀ ወይም ከተበከለ ያልቃሉ።

4. ማርካንቲያን እንወቅ

ማርካንቲያን ብዙዎቻችን ከድንጋይ ሽበት ጋር አንድ አድርገን እናየዋለን። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ይለያል። ሽበቱ ደቃቅ ቅጠሎች ያሉት ሲሆን ማርካንቲያ ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ አረንጓዴ ጥብጣብ በድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ጫፉ ሁለት ሁለት እየሆነ ይከፈላል። ከላዩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታዩበታል፤ እነዚህ አየር የሚያስገባባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። ከሁሉ የሚለየው ምልክት ግን በላዩ ላይ የሚታዩት ትናንሽ ሲኒ መሰል ጉድጓዶች ናቸው።

በሲኒዎቹ ውስጥ እንደ ዘር የሚያገለግሉ አረንጓዴ ቅንጣቶች አሉ። የዝናብ ወይም የሚንጠባጠብ ውሃ ጠብታ ሲያርፍባቸው ተፈናጥረው ይወጡና ባረፉበት እርጥብ ቦታ አዲስ ተክል ይሆናሉ። ማርካንቲያ በሌላ መንገድም ይራባል። ወንዱና ሴቱ የተለያዩ ተክሎች ናቸው፤ ሁለቱም በጊዜያቸው ትንሽ ጃንጥላ የሚመስል ዘንግ ያወጣሉ። የወንዱ ዘር ወደ ሴቷ የሚደርሰው በውሃ ውስጥ ዋኝቶ ወይም በዝናብ ጠብታ ተረጭቶ ነው።

የዚህ ወገን ዝርያዎች ብዙ ናቸው። ከሁሉ በላይ የተጠናው ማርካንቲያ ፖሊሞርፋ የሚባለው ሲሆን፣ በሞቃት አገር የሚበቅሉ ዘመዶቹም መልካቸው ተቀራራቢ ነው። ለእኛ ሥራ ዝርያውን በስም መለየት አያስፈልግም፤ ወገኑን ማወቅ ይበቃል።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ስለሆነች ፀሐይ በሚመታው ማሳ ላይ ማርካንቲያን አትፈልጉት። የሚፈለገው ጥላና እርጥበት አብረው ባሉበት ነው፦ በምንጭ ግድግዳ፣ በድልድይ ሥር፣ ውሃ በሚያንጠባጥብ የታንከር መቀመጫ፣ በቦይ የጥላ ጎን፣ በችግኝ ጣቢያ በፕላስቲክ ከረጢቶች አፈር ላይ። ወደ ደብረ ሲና የምትወጡ ከሆነ ቀዝቃዛና ጭጋጋማ በሆነው ዳገት ላይ ለእንዲህ ዓይነት ዕፅ የሚስማማ ቦታ በብዛት ታያላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በጥንት ዘመን በአውሮፓ ይህ ዕፅ ጉበት ስለሚመስል የጉበት መድኃኒት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። መልክ ግን መድኃኒትነትን አያረጋግጥም። ማርካንቲያ እንደ እርሳስ ያሉ ጎጂ ብረታ ብረቶችን ከውሃና ከአፈር በገላው የሚያከማች ዕፅ ስለሆነ ለመድኃኒት ብላችሁ አትቅመሱት።

5. ሁለቱ የሚመሳሰሉበት

አንደኛ፣ ሁለቱም ውሃን በገላቸው ይጠጣሉ። እንቁራሪት እንደ ላም አጎንብሳ በአፏ አትጠጣም፤ እርጥብ መሬት ላይ ተቀምጣ በሆዷ ቆዳ ትመጣለች። ከምትተነፍሰው አየርም ከፊሉ የሚገባው በቆዳዋ በኩል ነው። ማርካንቲያም እንደ ማሽላ ጠልቆ የሚሄድ ሥር የለውም፤ ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን ክሮች በዋናነት መያዣዎች ናቸው። በግንድ ውስጥ ውሃ የሚያመላልስ ቧንቧም ስለሌለው ውሃውን የሚቀበለው በገላው ነው። ስለዚህ በውሃው ውስጥ ያለው ነገር በሁለቱም ገላ ውስጥ በቀላሉ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ሁለቱም ያለ ውሃ ዘር መተካት አይችሉም። የሁለቱም የወንድ ዘር ወደ እንቁላሉ የሚደርሰው በውሃ ነው። ዶሮ እንቁላሏን በቅርፊት፣ ማሾም ዘሩን በቆባ ይዞ ከድርቅ ያተርፋል። እንቁራሪትና ማርካንቲያ ይህ መከላከያ የላቸውም።

ሦስተኛ፣ ሁለቱም ከቦታቸው ብዙ አይርቁም። ማርካንቲያ ጭራሽ አይንቀሳቀስም፤ የእንቁራሪቷ ልጆችም ከተፈለፈሉባት ኩሬ መውጣት አይችሉም። ስለዚህ የሚነግሩን ስለዚያው ቦታ ነው።

6. ሁለቱ የሚለያዩበት

ለአርሶ አደሩ ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው።

እንቁራሪት ነርቭ አላት፤ ማርካንቲያ ነርቭ የለውም። በሽንኩርት ላይ ትሪፕስን ለመከላከል የምንረጫቸው እንደ ላምዳ ሳይሃሎትሪንና ፕሮፌኖፎስ ያሉ ኬሚካሎች ተባዩን የሚገድሉት ነርቩን በማወክ ነው። እነዚህ ኬሚካሎች በጥቂት መጠን እንኳ ወደ ውሃ ሲገቡ ለዓሣና በውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ሌሎች ትናንሽ እንስሳት እጅግ አደገኛ ናቸው። ነርቭ የሌለው ማርካንቲያ ግን በዚያው ውሃ አጠገብ አረንጓዴ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል።

ማርካንቲያ ማዳበሪያ ይወዳል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በበዛበት እርጥብ አፈር ላይ በፍጥነት ይስፋፋል። በብዙ አገሮች በችግኝ ጣቢያ እንደ አረም የሚቆጠረውም በዚህ ምክንያት ነው። የእንቁራሪት ልጆች ግን ዩሪያ ታጥቦ በሚገባበት ትንሽ ኩሬ ውስጥ ይጎዳሉ።

የአረም መድኃኒትን በተመለከተም ልዩነት አለ። አንዳንድ የአረም መድኃኒቶች ቅጠል ላይ እንዲጣበቁ የሚጨመርባቸው ሳሙና መሰል ነገር የእንቁራሪትን ልጆች ይገድላል። ማርካንቲያ ግን ሌላው አረም በደረቀበት ተርፎ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ከዚህ ሁሉ የምንይዘው አንድ ቁም ነገር ነው፦ አረንጓዴ መሆን ንጹሕ መሆን አይደለም። «ድንጋዩ አረንጓዴ ስለሆነ ውሃችን ጤናማ ነው» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ማርካንቲያ የሚመሰክረው እርጥበት መኖሩን ነው። የውሃውን ደኅንነት ለመጠርጠር ወይም ላለመጠርጠር እንቁራሪቷንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

7. ሁለቱን አብሮ ማንበብ

ሁለቱም ካሉ፦ ቦታው ረዘም ላለ ጊዜ እርጥብ ሆኖ ቆይቷል፤ ለእንቁራሪት የሚበቃ ውሃም አለ። ይህ መልካም ምልክት ነው፤ ያላችሁን አያያዝ ጠብቁ።

እንቁራሪት ኖራ ማርካንቲያ ከሌለ፦ ፀሐይ በሚመታው የቆላ ቦይ ይህ የተለመደ ነው። ሊያሳስባችሁ አይገባም።

ማርካንቲያ ኖሮ እንቁራሪት ከሌለች፦ ይህን ትኩረት ስጡት። ከላይ በኩል መርጫ ይታጠባል ወይ? ባዶ የኬሚካል ዕቃ ተጥሏል ወይ? ማዳበሪያ ከማሳ ታጥቦ ይገባል ወይ? ብላችሁ መርምሩ።

ሁለቱም ከሌሉ፦ መጀመሪያ ድርቀትን ጠርጥሩ። ቦዩ በየጊዜው የሚደርቅ ከሆነ ሁለቱም አይኖሩም።

8. የሦስት ቦታ ፍተሻ

ይህን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ከሚሠራው የአንድ ቦይ ተጠቃሚዎች ከውሃ አባታቸውና ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር ቢሠሩት ይመረጣል።

ሀ. ሦስት ቦታ ምረጡ። አንዱ ከጠለፋው በላይ፣ ሁለተኛው በቦዩ መካከል፣ ሦስተኛው መርጫ ከሚታጠብበት በታች ይሁን።

ለ. በክረምት መግቢያ ጥሩ ዝናብ በጣለ ማግሥት፣ ከመሸ በኋላ በእያንዳንዱ ቦታ አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። የጩኸቱን ብዛት «ብዙ»፣ «ጥቂት» ወይም «የለም» ብላችሁ መዝግቡ። የየትኛው ዝርያ ድምፅ እንደሆነ አለማወቃችሁ ችግር የለውም።

ሐ. በበጋ እንቁራሪት ብዙም አትጮኽም። በዚያ ጊዜ ፀሐይ ስትጠልቅ በቦዩ ዳር መቶ እርምጃ በዝግታ ሂዱና ወደ ውሃው የሚዘሉትን ቁጠሩ። የሽንኩርት ርጭት የሚበዛው በበጋ መስኖ ስለሆነ ይህ ቆጠራ እንዳይቀር።

መ. በቀን ተመልሳችሁ በሦስቱም ቦታ በጥላ በኩል ማርካንቲያን ፈልጉ።

ሠ. ሦስቱን ቦታዎች በአንድ ቀን አወዳድሩ። የዛሬውን ከአምና ጋር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል፤ የዝናቡ መጠን በየዓመቱ ይለያያልና። በአንድ ምሽት ከላይ ጩኸት ሞልቶ ከታች ጸጥ ካለ ግን ምክንያቱ በመካከል መፈለግ አለበት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ቦይ ተጠቃሚዎች ፍተሻውን አድርገው ከጠለፋው በላይ «ብዙ»፣ በመካከል «ብዙ»፣ ከታች «የለም» ብለው መዘገቡ እንበል። ከታች ባለው ድልድይ ሥር ግን ማርካንቲያው ለምልሞ ይታያል። ስለዚህ እርጥበት አለ፤ የጠፋችው እንቁራሪቷ ብቻ ናት። በመካከሉ ያለውን ቦይ ተከትለው ሲሄዱ ሰው ሁሉ መርጫውን የሚያለቀልቅበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ያገኛሉ። እዚህ ላይ «ማን አጠበ?» እያሉ መካሰስ ጥቅም የለውም። የሚጠቅመው የማጠቢያውን ቦታ አንድ ላይ ተስማምቶ መቀየርና በሚቀጥለው ወቅት ፍተሻውን መድገም ነው።

9. በመርጫና በኬሚካል አያያዝ ምን እናድርግ?

- መርጫውን ቦይ ውስጥ ነክራችሁ አትሙሉ። ኬሚካል ነክቶት በማያውቅ ባልዲ ቀድታችሁ ከቦዩ ርቃችሁ ሙሉ።
- ለማሳችሁ የሚበቃውን ያህል ብቻ በጥብጡ። የተረፈ ድብልቅ ወደ ቦይ አይደፋም።
- ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ እጣቢውን መልሳችሁ መርጫው ውስጥ ጨምሩና እዚያው ማሳ ላይ ርጩት።
- የታጠበውን ዕቃ ብሱት። ውሃ፣ ዘይት ወይም ወተት ሊያዝበት አይገባም። አታቃጥሉት፤ ቦይ ዳርም አትጣሉት። የት እንደሚሰበሰብ የግብርና ባለሙያችሁን ጠይቁ።
- የመርጫ ማጠቢያ ቦታው ከቦይ፣ ከምንጭና ከጉድጓድ የራቀ፣ ጎርፍ የማይወስደው ይሁን።
- በነፋስ ጊዜና ዝናብ ሊጥል ሲል አትርጩ። በቦዩ ዳር ያለውን ሣር ሳትረጩ ተዉት፤ ከማሳ የሚታጠበውን ያስቀራል፤ ለእንቁራሪቷም መጠለያ ይሆናል።
- ስያሜው የተቀደደ ወይም ተከፍሎ በሌላ ጠርሙስ የተሸጠ ኬሚካል አትግዙ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ጥቅም ላይ እንዳይውል ከልክሏል።
- በርጭት ምክንያት ሰው ቢታመም ከነኬሚካሉ ዕቃ ስያሜ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

10. በችግኝ ጣቢያ ምን እናድርግ?

በማንጎ፣ በፓፓያ ወይም በሎሚ ችግኝ ከረጢት ላይ ማርካንቲያ አፈሩን ሸፍኖት ካያችሁ፣ ውሃ አብዝታችኋል ወይም ማዳበሪያውን ከላይ በትናችኋል ማለት ሊሆን ይችላል። አፈሩ ላይ እንደ ምንጣፍ ሲነጠፍ ውሃው ወደ ሥር እንዳይወርድ ያግዳል፤ ችግኙም እርጥብ መስሎ ይጠማል።

መፍትሔው መድኃኒት መርጨት አይደለም። በእጃችሁ ላጡትና አስወግዱት። ቀጥሎ የምታጠጡት የአፈሩ ላይ ደረቅ ሲል ይሁን፤ ከምሽት ይልቅ በማለዳ ብታጠጡ ላዩ ቀን ላይ ይደርቃል። ከረጢቶቹን አራርቃችሁ አየር እንዲያልፍ አድርጉ፤ ከሥር ያሉት ቀዳዳዎች አለመደፈናቸውንም አረጋግጡ።

11. እንዳንሳሳት

እንቁራሪት መኖሯ ውሃው ለሰው መጠጥ ይሆናል ማለት አይደለም። ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን እንቁራሪትን ላይጎዱ ይችላሉ። የቦይ ውሃ ምንም ያህል ጥርት ቢል ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አይጠጣም።

እንቁራሪት መጥፋቷም ብቻውን መርዝ መኖሩን አያረጋግጥም። ብርድ፣ ድርቀት፣ በሽታና የቦይ መጠረግም ሊያጠፏት ይችላሉ። ፍተሻው የሚያሳየን የት መጠየቅ እንዳለብን ነው። በተደጋጋሚ ከታች ጸጥታ ካገኛችሁ መዝገባችሁን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የውሃ ናሙና እንዲመረመርም ጠይቁ።

እንቁራሪት ብቻዋን ተባይን ታጠፋልናለች ብለንም አንጠብቅ። ነፍሳትን በመብላት ታግዘናለች፤ ማሳን መጎብኘት፣ ሰብል ማፈራረቅና በወቅቱ ማረም ግን የእኛው ሥራ ነው።

12. የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእናንተ ቦይ መርጫ የሚታጠበው የት ነው? ከዚያ በታች ከቦዩ የሚጠቀመው ማን ነው?
2. ከአሥር ዓመት በፊት በክረምት ሌሊት የምትሰሙት የእንቁራሪት ጩኸትና የዛሬው ልዩነት አለው? የት የት ጠፋ?
3. ማርካንቲያ ለምልሞ እንቁራሪት የጠፋችበት ቦታ ታውቃላችሁ? ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?
4. የጋራ የመርጫ ማጠቢያ ቦታ ለመምረጥ ምን ያስፈልጋል? ኃላፊነቱን ማን ይውሰድ?

13. ማጠቃለያ

እንቁራሪትና ማርካንቲያ ሁለቱም ውሃን በገላቸው የሚጠጡ፣ ያለ ውሃ ዘር የማይተኩ ናቸው። ማርካንቲያ እርጥበት መኖሩንና ማዳበሪያ መብዛቱን ይነግረናል። እንቁራሪቷ ደግሞ በውሃው ውስጥ ነርቭ ያለው ፍጥረት መኖር ይችል እንደሆነ ትነግረናለች። ነርቭ ያለው ፍጥረት ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም፤ ከቦዩ የሚጠጣው በሬ፣ በቦዩ የሚታጠበው ልጅም ነርቭ አላቸው። የእኛ ቦይ ትርፍ ውሃም ተመልሶ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ወንዙም ወደ ምሥራቅ ወርዶ ወደ አዋሽ ያመራል፤ በዚያም ሌላ ሰውና ሌላ ከብት ይጠብቀዋል።

ስለዚህ በመጪው ክረምት የመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ በጣለ ማግሥት ምሽት ወደ ቦያችሁ ወጥታችሁ አዳምጡ። የሰማችሁትን መዝግቡና ለቀጣዩ የሥልጠና ቀን ወደ አርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ይዛችሁ ኑ።